አሥራ አራቱ የድፍን ሳጥን ደንበኞች

ጥቅምት 3

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጥያቄዬ፤

እኔ ሳልደርስ ሰላምታዬ ቀድሞኝ በርሽን ያንኳኳ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ካኮረፈኝ ሁለት ወር ሆነው፤ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፣ ስወርድ ይሳደባል። የቀረው አካሌ እስካሁን ይታዘዘኛል።

በደብዳቤ የመጣሁብሽ ወድጄ አይደለም። ስትደውዪ እናትሽ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ጠረጴዛ መሃል ታስቀምጠዋለች። አንቺም «ደህና ነኝ፣ ሥራ ጥሩ ነው፣ ብርዱም ቀላል ነው» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ሦስቱንም አላመንኩሽም። በልጅነትሽ «ለምን?» ሳትዪ አንድ ማንኪያ አትውጪም ነበር፤ ጥያቄ ያልንሽም ለዚህ ነው። አሁን መጠየቅ ተውሽ። ልጅ መጠየቅ ሲተው ደግሞ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ የጥገና ቤቴን ኮምፒውተር አቧራውን አራግፌ፣ በሁለት ጣት ፊደል እየለቀምኩ ይኸው ጻፍኩልሽ። እዚህ መስመር ላይ እስክደርስ ሁለት ደንበኛ መልሻለሁ፤ አንዱ ተናዶ ራዲዮውን ጥሎልኝ ሄደ።

እናትሽ ለጎረቤት «ልጄ የጨዋታ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች» ብትለው «አሻንጉሊት ነው የምትሸጠው?» አላት። ተቆጣችና ወደ እኔ ዞራ «አንተ አስረዳው!» አለችኝ። እኔም እንደሚያውቅ ሰው ጉሮሮዬን ጠራርጌ ምንም ሳልናገር ተለያየን። በይ እስቲ፣ ምንድን ነው የምትሠሪው? ገንዘብ አትላኪ። ወሬ ላኪ።

ጤናውን ያብዛልሽ፤ ሐሳቡን ይቀንስልሽ።

አጎትሽ


ጥቅምት 19

ለምወድዎት ጋሼ፤

ካለሁበት ሆኜ ጎንበስ ብዬ ሰላም ብያለሁ። ጉልበትዎንም ታረቅ ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ከፍቼ ስስቅ አጠገቤ ያለው ሰው ዞሮ አየኝ። እዚህ በሥራ ሰዓት የሚስቅ የለም፤ የምንሸጠው ግን ጨዋታ ነው።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ትንሽ ሱቅ ነን፤ ቪዲዮ ጌም በኢንተርኔት እንሸጣለን። መደርደሪያ የለም፣ መጋዘን የለም። ሰው ይከፍላል፣ ጌሙ ኮምፒውተሩ ላይ ይወርድለታል። ከምንሸጠው ውስጥ ድፍን ሳጥን የምንለው አለ። ደንበኛው ትንሽ ይከፍልና ምን እንደሚደርሰው ሳያውቅ ይገዛል። ሲከፍተው ወይ ሰው ሁሉ የሚመኘው ትልቅ ጌም ይወጣለታል፣ ወይ ደግሞ ከሠሩት ሰዎች በቀር ማንም ያልሰማው። የሚገዛው ለዚያች ለመክፈቻዋ ቅጽበት ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ከሚጻፍልን መቶ አስተያየት አርባው የተናደደ ሰው ቅሬታ ነው። አንዱ ሦስት ጊዜ ገዝቶ ሦስቴም ያው ጌም ደረሰው።

እኔ የተቀጠርኩት ይህን እንዳሻሽል ነው። ቅሬታው እስከ ጥር መጨረሻ በግማሽ ካልቀነሰ ውሌ አይታደስም። የመኖሪያ ፈቃዴ ደግሞ ከውሉ ጋር የታሰረ ነው፤ ውሉ ባለቀ ቀን እሱም ያልቃል። ይህን ለእማዬ አይንገሩብኝ።

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ነገር ሁሉ በጩኸት የሚድን ይመስለዋል። በሱቁ ገጽ ላይ፣ ከሳጥኑ አጠገብ፣ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አስቀመጠ። «ሦስት ብቻ ቀረ ብለሽ ጻፊበት» ይለኛል። ሳጥኑ መቼም አያልቅም፣ ጋሼ። ከአየር ላይ ነው የምናወጣው።

ስቀመጥ እግሬ አያርፍም። ወንበሬ ጎማ ስላለው እየተንሸራተትኩ ሳላውቀው የጎረቤቴ ጠረጴዛ ስር እገኛለሁ። ትናንት «የምትፈልጊው ነገር አለ?» አለኝ። አፍሬ እስክሪብቶ ተዋስኩት። አሁን ሰባት እስክሪብቶ አለኝ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ጥያቄ


ጥቅምት 21

ለጥያቄዬ፣ ለድፍን ሳጥን ሹም፤

ሰላምታው ይቆየኝና ወደ ነገሬ ልግባ፤ አላስቀመጠኝም። ይኼን ሥራ እኮ እኔ ሠርቼዋለሁ!

አንቺ ሳትወለጂ ነው። ጥገና ቤቱ ባለቤቱ በማይወስደው ዕቃ ሞልቶ መቆሚያ አጣሁ። ሪሞት፣ ገመድ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ ሁለት ደህና ራዲዮ። በጥቁር ከረጢት ቋጥሬ «ድፍን ከረጢት፣ ዕድልህን ሞክር» ብዬ በሩ ላይ ደረደርኩት። በሁለት ቀን አለቀ። በሦስተኛው ቀን አንድ ግንበኛ መጣና ከረጢቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። አራት ሪሞት። አራቱም የአንድ ዓይነት ቴሌቪዥን፤ ሰውየው ደግሞ ቴሌቪዥን የለውም።

«ገንዘብህን ልመልስልህ?» አልኩት።

«ገንዘቡን ተወው» አለኝ። «ስትቋጥረው ስቀሃል አይደል? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ስቄ ነበር፣ ጥያቄዬ። አራተኛዋን ስከት ስቄ ነበር።

ያን ቀን ነው የገባኝ። ሰው የሚናደደው ርካሽ ዕቃ ስለደረሰው አይደለም፤ ከጀርባው የሳቅንበት ሲመስለው ነው። ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀልኩ። «ከሃያው ከረጢት በሁለቱ ራዲዮ አለ። በአሥሩ የሚሠራ ገመድ አለ። የቀረውን እኔም አላስታውሰውም። ሪሞት የለም» ብዬ ጻፍኩበት። ገዢ ትንሽ ቀነሰ፤ ከረጢት ይዞ የተመለሰ ግን የለም።

እንግዲህ አንቺም ደንበኛው ቀድሞ ያለውን ጌም አትድገሚበት። ከመቶው ስንቱ ደህና እንደሆነ በግልጽ ጻፊ። ያንን የውሸት ሰዓት አውርጂው። አለቃሽ እምቢ ካለ ግንበኛውን እልክልሻለሁ፤ አርጅቷል ግን ድምፁ እንደነበረ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደስ ያለው ሰውስ መጻፍ ይችላል? ማንም ይጽፋል? እንዲያው ለዕውቀት ነው።

እግዜር ከጩኸት ይጠብቅሽ።

አጎትሽ


ህዳር 12

ለምወድዎት ጋሼ፤

በጤና እንዳሉ ተስፋ አለኝ። መልሴ ስለዘገየ አይቀየሙኝ፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም አጠፋሁት።

ምክርዎን እንደ ራሴ አድርጌ ለአለቃዬ አቀረብኩ። የመጀመሪያውን ወደደው። አሁን ፕሮግራሙ ደንበኛው ከዚህ በፊት የገዛውን እያየ ያለውን ጌም አይሰጠውም። ቅሬታው ከአርባ ወደ ሠላሳ ሦስት ወረደ። የሰሌዳውን ነገር ግን አልሰማ አለኝ። «ከመቶ ለስድስቱ ብቻ ትልቅ ጌም እንደሚደርስ ከነገርናቸው ማን ይገዛናል?» አለ። «የአጎቴ ደንበኞች ገዝተዋል» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ሰዓቱም እዚያው እየቆጠረ ነው። ዜሮ ሲደርስ እንደገና ይጀምራል፤ እኔም አብሬው።

ለጥያቄዎ፦ ሳጥን የከፈተ ሁሉ አስተያየት መጻፍ ይችላል፤ እስከ አምስት ኮከብም ይሰጣል። ደስ ያለው በጻፈ ቁጥር የቅሬታው ድርሻ ይቀንሳል። ግን ደስ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጫወት ይጀምራል እንጂ አይጽፍም። ሠራተኞች አንድ አንድ ሳጥን ለቤተሰብ እንድንሰጥ ይፈቀድልናል፤ የእኔን ለእርስዎ ልኬያለሁ። ይክፈቱትና እውነቱን ይንገሩኝ።

እማዬ በስልክ «ከስተሻል» አለችኝ። ክሳት በድምፅ ይታወቃል እንዴ?

አክባሪዎ

ጥያቄ


ህዳር 14

ለጥያቄዬ፤

ደስታ ከደጅሽ አይራቅ። ሳጥኑ ደረሰኝ። የጥገና ቤቱን በር ዘጋሁ፣ መነጽሬን ወለወልኩ፣ «ክፈት» የሚለውንም እንደ ተፈታኝ ተማሪ ጸልዬ ተጫንኩት። ምን ወጣልኝ መሰለሽ? እየዞረ የተበላሸ ማሽን የሚጠግን ሰውዬ! ቀኑን ሙሉ ስጠግን ውዬ ለመዝናናት ደግሞ ልጠግን? ያውም በነጻ? ሳቅሁ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወትኩ። ሰውየው ብሎን የሚፈታው ወደ ማጥበቂያው በኩል ነው፤ እስካሁን አናዶኛል። አራት ኮከብ ሰጠሁት። አንዷን ለብሎኑ ቀነስኩበት።

ስለ ቅሬታው ከእንግዲህ ያን ያህል አትጨነቂ። ዓለም በደግ ሰው የተሞላች ናት፤ ደግ ሰው ለመጻፍ ይሰንፋል እንጂ። የሚያነሣሣው ካገኘ ይጽፋል። ታያለሽ።

ምግብ ብዪ። አዎ፣ በድምፅ ይታወቃል።

አጎትሽ


ታህሳስ 20

ለምወድዎት ጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛ። እርስዎ ነቢይ ሆነዋል። ቅሬታው ሃያ አራት ደረሰ፤ ደስ ያላቸውም መጻፍ ጀመሩ። አንድ ጡረታ የወጣ የመርከብ አዛዥ «አርባ ዓመት ባሕር ላይ ስኖር ልቤን እንደዚህ ሳጥን ያንቀጠቀጠው ማዕበል አላየሁም» ብሎ ጻፈ። አንዲት የሰባት ልጆች እናት ደግሞ «ሰባቱም በአንድ ጊዜ ዝም የሚሉት ሳጥኑ ሲከፈት ብቻ ነው» አለች። ሁሉም አምስት ኮከብ ነው።

አለቃዬ የመርከበኛውን በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው፤ የሱቁም የፊት ገጽ ላይ ተለጠፈ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ እጄ ቀዘቀዘ።

ሌላም የምጽፍልዎ ነበረኝ። ይቅር። አንድ ወር ከአሥር ቀን ቀርቶኛል። ሃያ መድረስ አለብኝ።

ጥያቄ


ታህሳስ 29

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን አለሽ? በሁለት ቀን የምመልሰው ሰውዬ ዘጠኝ ቀን ቆየሁብሽ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

መርከበኛው ጥሩ ሰው ይመስላል። ግን የፊት ገጽ ላይ መለጠፉ አልበዛም? ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፣ ላይወደው ይችላል። ዝቅ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?

እንዲያው ለዕውቀት ያህል፣ አንድ ሰው ከየትኛው ኮምፒውተር እንደጻፈ እናንተ ጋ ይታያል?

ሰላም ሁኚ።

አጎትሽ


ጥር 9

ጋሼ፤

ይታያል።

ሂሳብ የሚያጣራው ሰው አሥራ አራት አስተያየት ከአንድ ኮምፒውተር እንደመጣ ደረሰበት። በዚያ ኮምፒውተር መጀመሪያ የተከፈተው ሳጥን ከእኔ የተላከው ስጦታ ነው። አለቃዬ በሩን ዘግቶ «ራስሽን በራስሽ ስታስመሰግኚ ነበር?» አለኝ። እስከ ሐሙስ መልስ እንድሰጠው ነግሮኛል። በሐሰት አስተያየት ከተባረርኩ የጥርን መጨረሻም አላይም፤ ሌላ ቀጣሪም አይነካኝም።

«አይ» አላልኩትም። ከእርስዎ መስማት ፈልጌ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፤ ያውቁታል።


ጥር 9

ለጥያቄዬ፤

እኔ ነኝ።

«ፈቃዴ ከውሉ ጋር የታሰረ ነው» ያልሽውን ካነበብኩ ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። የሰው ዕቃ ፈትቼ መግጠም ረሳሁ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ምድጃ ሰጥታኝ በስህተት የሌላ ሰው ማራገቢያ መለስኩላት፤ እሷም ዝም ብላ ወሰደችው። ከዚያ አንድ ሳጥን በሌላ ስም ገዛሁ፣ በኮምፒውተሩ ተርጓሚ እያስተረጎምኩ አመሰገንኩ። መርከበኛው እንደዚያ ተወለደ። ከተወለደ በኋላ ብቻውን ይሆናል ብዬ እናትየዋን ጨመርኩለት። አልዋሽሽም፣ ደስ እያለኝ ነበር የምጽፈው። ስም ስቀያይር ኮምፒውተሩም አድራሻ እንዳለው አላወቅሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ሽቦ ስነካካ የኖርኩ ሰውዬ ነኝ!

ከዚህ በታች ያለውን ለአለቃሽ ተርጉሚለት። አንድም ቃል አታሳምሪ።

«ለተከበሩ አለቃ፤

መርከበኛው እኔ ነኝ። የሰባት ልጆች እናትም እኔው ነኝ። ጡረተኛው ዳኛ፣ መንትያዎቹ ነርሶች፣ ከአልጋ የማይነሣው በሽተኛ፣ ሁሉም እኔ ነኝ። ከአሥራ አራቱ እውነተኛው አንድ ብቻ ነው፤ አራት ኮከብ የሰጠው ጠጋኝ። የእህቴ ልጅ አልላከችኝም፣ አልነገርኳትምም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስለ ሳጥኖቹ ያልጻፍኩት እውነት ይኼ ነው። ሁለቱ ግሩም ነበሩ። ሦስቱ ደህና። አንዱ በማላውቀው ቋንቋ ብቻ ይናገራል። ስምንቱን ኮምፒውተሬ መሸከም አልቻለም፤ ስከፍታቸው ስክሪኑ ጠቆረ። ስምንት ጊዜ ጥቁር ስክሪን እያየሁ አምስት ኮከብ ሰጠሁ። ከእኔ በኋላ የእኔን ቃል አምኖ ገዝቶ ስክሪኑ የጠቆረበት ሰው ካለ፣ እሱን ያታለልኩት እኔ ነኝ። ስሙን ቢሰጡኝ ለሱም እጽፋለሁ።»

ጥያቄዬ፣ ለግንበኛው ይቅርታ ስጠይቅ ፊቱ ቆሜ ነበር። ለአንቺ የምቆምበት ቦታ የለኝም። ማሪኝ ብዬም አልለምንሽም። ብቻ ሐሙስ ከገባሽ በኋላ ምን እንደሆነ አንድ መስመር ጻፊልኝ።

አጎትሽ


የካቲት 2

ለጋሼ፤

ሃያ ሦስት ቀን ያለ አንድ መስመር አስቀመጥኩዎት። ሆን ብዬ ነው። ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም አልጨረስኩም።

ሐሙስ ዕለት ደብዳቤዎን ቃል በቃል ተርጉሜ አነበብኩለት። መንትያዎቹ ነርሶች ጋ ስደርስ አለቃዬ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ይሳቅ ይናደድ አልለየሁም። ከዚያ አንድ ወረቀት ገፋልኝ። «ምንም የማውቀው አልነበረም» ይላል። «ፈርሚና ይለቅ» አለኝ።

አልፈረምኩም።

መርከበኛው በስብሰባ ሲነበብ አውቄዎት ነበር፣ ጋሼ። በሌላ ቋንቋ ተተርጉሞም የእርስዎ ድምፅ ነው፤ ባሕር አይተው የማያውቁ ሰው በማዕበል የሚምሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። እጄ የቀዘቀዘው ለዚያ ነው። አልጠየቅሁዎትም፤ ከጠየቅሁ ስለሚነግሩኝ፣ ከነገሩኝ ደግሞ ማስቆም ስላለብኝ። ቁጥሩ እየረዳኝ ነበር። ይህንኑ ለአለቃዬ ነገርኩት። ወረቀቱን ሳይፈረም መልሶ ወሰደው።

አላባረረኝም። ግን ሳጥኑን ወሰደብኝ። ውሌ ለስድስት ወር ታደሰ፤ ቅሬታ ለሚጽፉ ሰዎች መልስ የሚሰጥበት ክፍል ገባሁ፣ ከሁሉ ዝቅ ያለው ነው። ፈቃዴም ስድስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

የእርስዎ አሥራ አራቱ ከፊት ገጹም ከየቦታውም ተነሡ፤ ለምን እንደተነሡም ተጽፏል። ያ ሰዓትም ወርዷል። ሳጥኑ ላይ «ከመቶ ስድስቱ ትልቅ ጌም ነው» የሚል ሰፈረ። አለቃዬ «ከእንግዲህ የምደብቀው የቀረኝ አይመስለኝም» አለ። ስለ ስምንቱ ጥቁር ስክሪን የድሮውን ቅሬታ ብናገላብጥ ከግማሽ የሚበልጠው ያው ሆኖ ተገኘ። ኮምፒውተርህ ምን መሸከም ይችላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አሁን ከመሸጡ በፊት ይጠየቃል። ቅሬታው አሥራ ሰባት ገብቷል። ቁጥሩ የተመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነው።

ለእማዬ ደውዬ «ድምፅ ማጉያውን አጥፊው» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። «አሥራ አራት?» አለች። «ስድስት አይበቃውም ነበር?»

ጋሼ፣ ከእንግዲህ አይርዱኝ። ይጻፉልኝ፣ ይቀልዱብኝ፣ ይምከሩኝ። ግን አይርዱኝ።

ጥያቄ


የካቲት 11

ለጥያቄዬ፤

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለእግርሽ፤ የሚያርፍበት ወንበር ያግኝ።

እሺ፤ አልረዳሽም። ይቺን ቃል ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። በየቀኑ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፣ እጄ ወደ ቁልፎቹ ይሄዳል፣ «ምን ላድርግላት» እላለሁ፣ እዘጋዋለሁ። መርዳት የለመደ ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ አስቀምጦ መቆም እንዲህ እንደሚከብደው አላውቅም ነበር።

ትናንት ሱቃችሁ ገብቼ በገዛ ስሜ አንድ ሳጥን ገዛሁ። ስለ ኮምፒውተሬ ጠየቀኝ፤ እውነቱን ነገርኩት። ከመቶ ስድስቱ መሆኑንም አንብቤ ነው የገዛሁት። የወጣልኝ ጉንዳን የምታሳድግበት ጨዋታ ነው። ጉንዳኖቹ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቁብኝ፣ ለምን እንደሆነ የሚገልጽም አንድ መስመር የለም። ተናድጃለሁ። ሁለት ኮከብ ሰጥቼ ቅሬታ ጽፌያለሁ፤ አንድም ቃል አላሳመርኩም።

ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ጠረጴዛሽ ላይ ይደርስሻል። እንደ ማንኛውም ደንበኛ መልሺልኝ። «ጋሼ» ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ ያስጠረጥርሻል።

አጎትሽ